የአንገት ሕመምና የእጅ መደንዘዝ ሲያጋጥም፦ የሐኪም ምክር ለማግኘት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

አንገቱን የሚያመውና እጁ የሚደነዝዘው ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው «አንገቴን ያመኛል፣ እጄንም ይደነዝዘኛል» የሚለውን ብቻ ነው። አባባሉ እውነት ቢሆንም ከዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) መንሸራተት እስከ ስኳር በሽታ፣ ከእጅ አንጓ ነርቭ መጫን እስከ ቫይታሚን እጥረት ድረስ ያሉትን እጅግ የተለያዩ ችግሮች በእኩል ስለሚገልጽ ሐኪሙን ወደ የትኛውም አይመራውም። ምርመራውን የሚመራው ዝርዝሩ ነው፤ የትኛው ጣት እንደደነዘዘ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስ፣ ምን ሲሠሩ እንደሚነሣ፣ የእጅ ጉልበት ቀንሶ እንደሆነ። ይህን ደግሞ ከታማሚው በቀር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ የተቀመጡት ደረጃዎች አንባቢው በሐኪሙ ፊት በሚያሳልፋቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ለውሳኔ የሚበቃ መረጃ ይዞ እንዲቀርብ፣ የሚሰጠውንም ምክር እንዲረዳ ለማገዝ የተዘጋጁ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር አለመኖሩን ያረጋግጡ

አብዛኛው የአንገት ሕመም አደገኛ አይደለም፤ ክንድ ላይ የሚወርድ ሕመምና መደንዘዝ ሲጨመርበት እንኳ ብዙዎች ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ሆኖም ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት አንዱ ካለ ማስታወሻ መያዝና ቀጠሮ መፈለግ ቀርቶ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል።

- ሕመሙ የጀመረው ከመኪና አደጋ፣ ከከፍታ ከመውደቅ ወይም ጭንቅላት ከመመታት በኋላ ከሆነ። በዚህ ጊዜ አንገትን ማዞር፣ ማሸት ወይም «እንዴት እንደሆነ ለማየት» ማንቀሳቀስ ፈጽሞ አይገባም፤ ባሉበት ሆነው እርዳታ መጥራት ይሻላል።
- ሁለቱም እጆች ወይም እግሮች እየደከሙ ከሄዱ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ከጀመሩ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልቆጣጠር ካለ፣ ወይም በመቀመጫና በብልት አካባቢ ያለው ቆዳ ከደነዘዘ።
- መደንዘዙ ወይም ድካሙ በአንድ ጎን ድንገት የመጣ ሆኖ ፊት ከተጣመመ፣ ንግግር ከተንተባተበ ወይም እይታ ከጠፋ። ይህ የአንገት ነገር ሳይሆን ስትሮክ ሊሆን ይችላል።
- በክንድ፣ በአንገት ወይም በመንጋጋ የሚሰማው ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ። የልብ ሕመም በአንገትና በክንድ ብቻ ሊሰማ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ በተለይ ደረጃ ሲወጡ የሚነሣና ሲያርፉ የሚጠፋ ከሆነ።
- ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና አገጭን ወደ ደረት ለማስጠጋት የማይቻልበት የአንገት መድረቅ አብረው ከታዩ።
- ከዚህ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ድንገተኛ የአንገት ሕመም ከዓይን ቆብ መውደቅ፣ ከሁለት ሁለት ማየት፣ ከማዞር ወይም ለመዋጥ ከመቸገር ጋር ከመጣ። ወደ አንጎል የሚወጣው የደም ቧንቧ ግድግዳ ሲሰነጠቅ እንዲህ ያለ ምልክት ያሳያል።
- መደንዘዙ ከእግር ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ሰውነት እየደከመ ከሄደ፣ በተለይም ትንፋሽ መክበድ ከጀመረ።

ከእነዚህ ዝቅ የሚል፣ ነገር ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መታየት ያለበት ሌላ ምድብ አለ። ሌሊት ሌሊት የሚብስና በዕረፍት የማይቀል ሕመም፣ ያለ ምክንያት የክብደት መቀነስ፣ የቆየ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ከዚህ ቀደም ካንሰር ወይም የሳንባ ነቀርሳ የነበረበት፣ የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ወይም ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ሕመሙን እንደ ተራ የጡንቻ መሸማቀቅ ሊቆጥረው አይገባም። ነቀርሳም ሆነ ሌላ ኢንፌክሽን የአከርካሪን አጥንት ሊያጠቃ ይችላልና ይህን ታሪክ ሐኪሙ ሳይጠይቅ በራስ አንደበት መናገር ያስፈልጋል። ሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያዎችን የሚያቆጣ የቆየ በሽታ) ያለባቸውም እንዲሁ፤ በሽታው የአንገትን የላይኛዎቹ ሁለት አጥንቶች የሚያያይዙ ጅማቶችን ሊያላላ ስለሚችል በእነርሱ ላይ የሚታይ አዲስ የአንገት ሕመም የተለየ ጥንቃቄ ይሻል።

ደረጃ 2፦ የመደንዘዙን ካርታ ይሳሉ

ከሁሉም ደረጃዎች ይበልጥ ውጤት ያለው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም፤ የሚጠይቀውም ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው።

መዳፍዎን በወረቀት ላይ ዘርግተው ዙሪያውን ይሳሉ፤ አንዱን ለመዳፍ ሌላውን ለእጅ ጀርባ እንዲሆን ሁለት ጊዜ ያድርጉት። ከዚያ የደነዘዘውን ስፍራ በነጠብጣብ፣ የሚያቃጥለውን በመስመር፣ የሚያመውን በመስቀል ምልክት ይሙሉ። ክንድዎ፣ ትከሻዎና አንገትዎ ላይ ያለውንም በተመሳሳይ መንገድ ያሳዩ። ይህን ማድረግ ያለብዎ ስሜቱ ባለበት ሰዓት ነው፤ ከጠፋ በኋላ በትዝታ ሲሳል ሁሉም ጣት ደንዝዞ የነበረ ይመስላል።

ካርታው ለምን ይጠቅማል? አንገት ሰባት አጥንቶች ሲኖሩት በየጎኑ የሚወጡት የነርቭ ሥሮች ግን ስምንት ናቸው። ከአምስተኛው ጀምሮ ያሉት ከመጀመሪያው የደረት ነርቭ ጋር ተጣምረው ወደ ክንድ ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱም ስሜት የሚሰጠው የቆዳ ድርሻ አለው። አምስተኛው የትከሻውን ጎንና የላይኛውን ክንድ ውጫዊ ክፍል፣ ስድስተኛው አውራ ጣትን፣ ብዙ ጊዜም ሌባ ጣትን፣ ሰባተኛው መሀል ጣትን፣ ስምንተኛው ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ይይዛል። በአንገት ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት ሰባተኛውና ስድስተኛው ሥሮች ናቸው፤ ብዙ እንቅስቃሴና ጫና የሚያርፍባቸው የታችኛዎቹ ዲስኮች አጠገብ ስለሚወጡ ነው። የድርሻዎቹ ድንበር ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያል፤ ጎረቤት ድርሻዎችም ይደራረባሉ።

ነገሩን የሚያወሳስበው እነዚሁ ነርቮች ከአንገት ርቀው በክርንና በእጅ አንጓም ሊጫኑ መቻላቸው ነው። በእጅ አንጓ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሀል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ፤ ትንሿ ጣት ግን ትተርፋለች። ታማሚው ሌሊት ከእንቅልፉ ይነቃል፣ እጁን ሲያራግፍ ይቀለዋል። በክርን ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን ደግሞ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሌላው ግማሽ ይደነዝዛሉ፤ ስልክ በጆሮ ይዞ መቆየት ወይም ክርን አጥፎ መተኛት ያብሰዋል።

የቀለበት ጣትን በተመለከተ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል ቀላል ሙከራ አለ። በጥጥ ጫፍ ወይም በሌላ እጅ ጣት መጀመሪያ ወደ መሀል ጣት የሚያየውን የቀለበት ጣት ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ትንሿ ጣት የሚያየውን ጎን ቀስ ብለው ይዳስሱ። አንዱ ጎን ደነዝ፣ ሌላው ደኅና ከሆነ ችግሩ ከአንገት ይልቅ በእጅ አንጓ ወይም በክርን ላይ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ የአንገት ሥር ጣትን ለሁለት አይከፍልምና። ይህ ብቻውን ምርመራ አይደለም፤ ነገር ግን ለሐኪሙ ቢነግሩት የሚመዝን መረጃ ነው።

ከአንገት የሚመጣው መደንዘዝ የራሱ ጠባይ አለው። ቀና ሲሉና ራስን ወደሚያመው ጎን ሲያዘነብሉ ይብሳል፤ ሳልና ማስነጠስ ክንድ ድረስ ሊነዝር ይችላል፤ ከትከሻ አጥንት አጠገብ ጠልቆ የሚሰማ ሕመም ብዙ ጊዜ አብሮት ይገኛል፤ እጅን አንሥቶ መዳፍን ራስ ላይ ማሳረፍ ደግሞ አንዳንዶችን ያቀልላቸዋል። ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ ብቻ የሚመጣ መደንዘዝ ግን ከአንገት ሥር ሌላ ምንጭ እንዳለ ሊያመለክት ይችላል። በተቃራኒው ሁለቱም እጆችና ሁለቱም እግሮች እንደ ጓንትና እንደ ካልሲ ከደነዘዙ፣ በተለይ ከእግር ጣቶች የጀመረ ከሆነ፣ ሐኪሙ የሚያስበው ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ስለ አልኮል፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ታይሮይድ ወይም ስለሚወሰዱ መድኃኒቶች ነው። በጭንቀት ጊዜ በፍጥነት መተንፈስም ሁለቱን እጆችና የአፍን ዙሪያ ለደቂቃዎች ያደነዝዛል።

ሁለት ችግሮች በአንድ ሰው ላይ መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። አንገቱ ላይ ነርቭ የተጫነበት ሰው በእጅ አንጓውም ላይ ሊጫንበት ይችላል፤ ስለዚህ ካርታው ከአንዱ መግለጫ ጋር አልገጥም ቢል እንዲገጥም ብለው አያስተካክሉት።

ደረጃ 3፦ የእጅን ጉልበትና ቅልጥፍና ይፈትሹ

ሰዎች የሚያስጨንቃቸው ሕመሙ ነው፤ ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ግን ድካሙ ነው። ነርቭ ሕመምና መደንዘዝ ብቻ ሲያሳይ ጊዜ ሰጥቶ መከታተል ይቻላል፤ ጡንቻ መድከም ሲጀምር ግን ጊዜው ያጥራል።

ሁለቱን እጆች እያነጻጸሩ ይሞክሩ። ክንድን ወደ ጎን ማንሣት፣ የእጅ አንጓን ወደ ላይ ማጠፍ፣ በር ወይም ግድግዳ መግፋት፣ አጥብቆ መጨበጥ፣ ጣቶችን መበተን። ከላይ ወደ ታች እነዚህ ከአምስተኛው የአንገት ሥር እስከ መጀመሪያው የደረት ሥር ያሉትን በቅደም ተከተል ይፈትሻሉ። ስለሚያም መግፋት አለመቻልና ሳያም ክንድ መክዳቱ ልዩነት አላቸው፤ የትኛው እንደሆነ ለይተው ይጻፉ።

ከነርቭ ሥሮች ይልቅ ራሱ ህብለ ሰረሰር (በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው ዋናው የነርቭ ገመድ) ሲጫን የሚታየው ነገር ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያለ ሕመም ስለሚመጣ ታማሚውም አካባቢውም «ዕድሜ ነው» ብለው ያልፉታል፣ አንዳንድ ጊዜም የእጅ አንጓ ችግር ተብሎ ይታከማል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግራል፤ ጣት ቁልፉን ያገኘዋል፣ በቀዳዳው ለማሳለፍ ግን ሦስት አራት ጊዜ ያመልጠዋል። የእጅ ጽሑፍ ይበላሻል፣ ሳንቲም ከኪስ ለይቶ ማውጣት ያቅታል፣ ስልክ ላይ መጻፍ ይዘገያል። እግር ይከብዳል ወይም ይደርቃል፣ በጨለማ ሲሄዱ ይንገዳገዳሉ፤ አንገትን ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ጀርባ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት ይወርዳል። ለራስዎ መለኪያ ከፈለጉ መዳፍን ወደ ታች አድርገው ጣቶችን በፍጥነት እየጨበጡና ሙሉ በሙሉ እየዘረጉ በ10 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚያደርጉ ይቁጠሩ። ጤናማ ሰው 20 ወይም ከዚያ በላይ ያደርሳል። ከዚያ በታች ከሆነና ከላይ ከተጠቀሱት አንዱ ካለ ሳምንታት መጠበቅ አይገባም፤ ህብለ ሰረሰር ላይ የደረሰ ጉዳት ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስምና የሕክምናው ዋና ግብ እንዳይብስ ማድረግ ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ ገጽ ማስታወሻ ያዘጋጁ

ከካርታው ጋር የሚሄድ ማስታወሻ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም፤ የበለጠውን የሚያነብበት ጊዜ ያለው ሐኪም ጥቂት ነው። መቼና እንዴት እንደጀመረ፣ እየባሰ ወይም እየቀለለ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያብሰውና እንደሚያቀልለው፣ እንቅልፍንና ሥራን ምን ያህል እንደነካ ይጻፉ። ቀጥሎ ያሉብዎን በሽታዎች ይጨምሩ፤ ስኳር፣ የታይሮይድ ችግር፣ የኩላሊት በሽታ፣ ኤችአይቪ፣ ነቀርሳ፣ ካንሰር፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ፤ ለሴቶችም እርግዝና፣ በእርግዝና ወቅት የእጅ አንጓ ነርቭ መጫን የተለመደ ስለሆነ።

መድኃኒቶችን በተመለከተ ስማቸውን ከማሸጊያው ላይ ይገልብጡ ወይም ማሸጊያዎቹን ራሳቸውን ይዘው ይሂዱ። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ይቀንሳል፤ ለነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ የቢ6 እጥረት በማስከተል ነርቭን ይጎዳል፤ ከካንሰር መድኃኒቶችም በርካቶቹ እጅና እግር ያደነዝዛሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በተለይ ይጥቀሱ፤ የሚታዘዝልዎትን የሕመም ማስታገሻም ሆነ ወደፊት ሊደረግ የሚችል መርፌን ይወስናል። የአልኮል መጠንን ሳያሳንሱ ይናገሩ። ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ፈጽሞ የማይመገቡ ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገልዎ ከሆነም እንዲሁ። በሰውነትዎ ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም ሌላ ብረት ካለ ከኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ የምስል ምርመራ) በፊት መታወቅ አለበት።

በገጹ አናት ላይ ግን ለሐኪሙ የሚነግሩትን የመጀመሪያ ንግግር ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቀኝ አንገቴንና ትከሻ አጥንቴ አጠገብ ያመኛል፤ ሕመሙ በክንዴ ጀርባ ወርዶ መሀል ጣቴን ያደነዝዘዋል። ቀና ስል ይብሳል፣ እጄን ራሴ ላይ ሳደርግ ይቀልለኛል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ በር ስገፋ ክንዴ ይከዳኛል።» ይህን የሰማ ሐኪም ገና ሳይነካዎ ስለ ቀኙ ሰባተኛ የአንገት ሥርና እየጀመረ ስላለ የጡንቻ ድካም ማሰብ ይጀምራል። «ዲስክ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መጀመር ግን የሚጠቅመው ጥቂት ነው፤ ስሜትዎን ይንገሩ፣ ስሙን ለእርሱ ይተዉለት።

ደረጃ 5፦ ማን ዘንድ እንደሚሄዱ ይወስኑ

የአደጋ ምልክት ከሌለ የመጀመሪያው መዳረሻ ጠቅላላ ሐኪም ነው። ቀጥታ ወደ ቀዶ ሐኪም ወይም ወደ ኤምአርአይ መሮጥ ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም፣ የመደንዘዙ ምንጭ ስኳር ወይም ቢ12 ከሆነ ዙሪያ ጥምጥም ያስኬዳል። ጠቅላላ ሐኪሙ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ነርቭ ሐኪም፣ ወደ አከርካሪ ቀዶ ሐኪም ወይም ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይልክዎታል። ሕመሙ መለስተኛ ሆኖ ጉልበት ካልቀነሰ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ መታየት በቂ ነው፤ አዲስ የጡንቻ ድካም ወይም የእጅ ቅልጥፍና መቀነስ ካለ ግን በቀናት ውስጥ።

እስኪመረመሩ ድረስ አንገትዎን ለሚያሽና በፍጥነት ለሚያጥመዘምዝ ሰው አይስጡ። የነርቭ ምልክት ባለበት አንገት ላይ በኃይል የሚደረግ ማጥመዘዝ የተጫነውን ነርቭ ወይም ህብለ ሰረሰር ይበልጥ ሊጎዳ፣ አልፎ አልፎም የደም ቧንቧ ሊሰነጥቅ ይችላል።

ደረጃ 6፦ በምርመራው ጊዜ ምን እንደሚደረግ ይወቁ

አንገትና ሁለቱም ክንዶች በቀላሉ የሚገለጡበት ልብስ ይልበሱ። ሐኪሙ አንገትዎን ያዞራል፣ የጡንቻዎችን ጉልበት ከሁለት ወገን ያነጻጽራል፣ በጥጥና በሹል ነገር የቆዳ ስሜትን ይፈትሻል፣ በትንሽ መዶሻ ክርን አካባቢና ጉልበት ላይ ይመታል። አንድ የተጫነ የነርቭ ሥር የዚያን ጡንቻ ምላሽ ያደክማል፤ የተጫነ ህብለ ሰረሰር ግን በተቃራኒው የእግርን ምላሽ ከመጠን በላይ ያደርገዋል። ስለዚህ ለእጅ መጥተው እግርዎ ሲመረመር አይገረሙ። ራስዎን ቀና አድርጎ ወደሚያመው ጎን በማዘንበል ከላይ በቀስታ ሊጫን ይችላል፤ ይህ ሕመሙን ወደ ክንድ ከላከው የነርቭ ሥር መጫኑን ያጠናክራል። ሕመሙ እንደመጣ ወዲያው ይናገሩ፣ ችለው አይለፉት፤ አንገት ላይ ብቻ የሚቀር ሕመም እና ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ትርጉማቸው ይለያያል። የእጅ አንጓን ለአንድ ደቂቃ አጥፎ መያዝ፣ የመሀል ጣትን ጥፍር ጫን አድርጎ በድንገት መልቀቅና ተረከዝን ከጣት እያስከተሉ ቀጥ ብሎ መራመድም ከምርመራው ክፍሎች ናቸው።

እነዚህ ሳይደረጉ መድኃኒት ወይም የምስል ምርመራ ብቻ ከታዘዘልዎ «የእጄን ጉልበትና የመዶሻውን ምላሽ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል» ማለት ድፍረት አይሆንም። የዛሬው ምርመራ ካልተመዘገበ ከሳምንታት በኋላ ድካሙ መባሱን የሚያነጻጽሩበት ነገር አይኖርም።

ደረጃ 7፦ ስለ ምርመራዎቹ ይጠይቁ

የደም ምርመራ ከሁሉ ቀድሞ ቢታዘዝ ተገቢ ነው፤ የስኳር መጠን፣ ቢ12፣ ታይሮይድ፣ የኩላሊት ሥራ፣ የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ኢንፌክሽን ከተጠረጠረም የሰውነት መቆጣት ጠቋሚዎች። የቢ ቫይታሚን መርፌ ወይም ክኒን ከመጀመርዎ በፊት ደሙ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ከተጀመረ በኋላ እጥረቱ ላይታይ ይችላል። ይህን አጥብቄ የምለው ለማንኛውም መደንዘዝ ቫይታሚን መውሰድ የተለመደ ስለሆነ ነው። እጥረት ለሌለበት ሰው ቫይታሚኑ የተጫነ ነርቭን አያላቅቅም፤ ይባስ ብሎ ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል።

ራጅ የአጥንትን አቀማመጥ፣ ስብራትንና መንሸራተትን ያሳያል፤ ዲስክንና ነርቭን ግን አያሳይም። እነርሱን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። የአደጋ ምልክት፣ እየጨመረ የሚሄድ ድካም ወይም የህብለ ሰረሰር መጫን ጥርጣሬ ካለ ኤምአርአይ ሳይዘገይ መነሣት አለበት፤ ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ግን ለስድስት ሳምንታት ያህል በሕክምና እየተከታተሉ መቆየት ተቀባይነት ያለው አካሄድ ነው። ምክንያቱም ምስሉ ከሕመሙ በላይ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የጃፓን ጥናት ምንም ምልክት የሌላቸው 1,211 ሰዎች አንገታቸው በኤምአርአይ ታይቶ 87.6 በመቶው ላይ የዲስክ መግፋት ተገኝቷል፤ በሃያዎቹ ዕድሜ ከሚገኙትም አብዛኞቹ ይህ ነበረባቸው። ስለዚህ ውጤቱን ተቀብለው ሲያነቡ «የዲስክ መግፋት» የሚለውን አይተው አይደንግጡ፤ መጠየቅ ያለበት «በምስሉ የታየው ካርታዬ ላይ ካለው ጣትና ከደከመው ጡንቻ ጋር ይገጥማል?» የሚለው ነው። ግራ በኩል የተገፋ ዲስክ የቀኝ እጅን መደንዘዝ አያብራራም።

ምንጩ አንገት ይሁን የእጅ አንጓ ካልለየ የነርቭ ፍጥነትና የጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። በመርፌ የሚደረገው ክፍል ጉዳቱ ከደረሰ ወደ ሦስት ሳምንት ካልሞላው ጤናማ መስሎ ሊታይ ስለሚችል በመጀመሪያው ሳምንት መጣደፍ ትርፍ የለውም።

ደረጃ 8፦ ሕክምናውን ከጥቅሙና ከጉዳቱ ጋር ይረዱ

አንገት ላይ የተጫነ የነርቭ ሥር በብዙ ሰዎች ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። የመድኃኒቱ ሥራ በዚህ ጊዜ ውስጥ እንቅልፍና እንቅስቃሴ እንዲቻል ማድረግ ነው። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ይረዳሉ፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ግን ሐኪም ሳያማክሩ ሊጀምሯቸው አይገባም። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን መብለጥ የለበትም፤ ጉበቱ ለታመመ ወይም አልኮል ለሚያዘወትር መጠኑ ከዚያም ያንሳል። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያንቀላፋሉ፤ መጀመሪያ ላይ መኪና መንዳት አይገባም፣ ማቆሙም ቀስ በቀስ ይሁን።

ሙሉ ዕረፍት አይመከርም። የአንገት ኮላር ለጥቂት ቀናት ሊያሳርፍ ይችላል፣ ለሳምንታት ከታሰረ ግን ጡንቻን ያሰንፋል። ስክሪንን ወደ ዓይን ትይዩ ከፍ ማድረግ፣ በየግማሽ ሰዓቱ አቀማመጥ መለወጥ፣ በሆድ አለመተኛትና አንገትን ከጀርባ ጋር ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ትራስ መጠቀም ዋጋ አላቸው። ችግሩ የእጅ አንጓ ከሆነ አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ሌሊት ማሰር የመጀመሪያው ሕክምና ነው። ፊዚዮቴራፒ ሲታዘዝልዎ እንቅስቃሴው ሕመሙን ከክንድ ወደ አንገት እያሰባሰበ ከሄደ መልካም ነው፤ ወደ ጣቶች ይበልጥ የሚያወርደው ከሆነ አቁመው ለባለሙያው ይንገሩ።

የስቴሮይድ መርፌና ቀዶ ሕክምና የሚነሡት ድካሙ እየጨመረ ሲሄድ፣ ህብለ ሰረሰር ሲጫን፣ ወይም ከባድ ሕመም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሕክምና በኋላም ሳይቀንስ ሲቀር ነው። ቀዶ ሕክምና ከተመከረ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው፦ ዓላማው ሕመምን ማቅለል ነው ወይስ ድካሙ እንዳይብስ ማቆም? ባይደረግ ምን ይጠበቃል? ምን ያህል መጠበቅ ይቻላል? ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ የተለመደ አሠራር ስለሆነ የትኛውም ሐኪም ሊቀየምበት አይገባም።

ደረጃ 9፦ ክትትሉን በቀን ቆርጠው ይውጡ

«ካልተሻለዎ ይመለሱ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። ከክፍሉ ሳይወጡ የሚመለሱበትን ቀንና ከዚያ በፊት የሚያስመልሱ ምልክቶችን ያጽፉ። በየሳምንቱ አዲስ ካርታ ይሳሉ፣ የ10 ሰከንዱን ቆጠራ ይድገሙ፣ ሁለቱንም ከቀኑ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ፤ በቀጠሮው ቀን ካለፈው ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያሳዩ። መሻሻሉ በአንድ ጊዜ አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው የክንድ ሕመም ነው፤ መደንዘዙ ግን በጣት ጫፍ ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሕመሙ ቀንሶና ጉልበቱ ተመልሶ ጣት ጫፍ ላይ ትንሽ መደንዘዝ ቢቀር ብዙ ጊዜ የሚያሰጋ አይደለም። በተቃራኒው ሕመሙ ጠፍቶ ክንዱ ይበልጥ ከደከመ ወይም እጁ ከተሳሰረ ይህን እንደ መዳን ቆጥረው ቀጠሮውን አይሰርዙ፤ ቀኑን አስቀድመው በዚያው ሳምንት ይታዩ።